በዕጣ የወጣው የምክር ቤት ወንበር

ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ስልካችን ላይ የሚደርሰን ወሬ አብዛኛው ስለ አንድ ሰው ነው፤ ስለ ፕሬዚዳንቱ። ምን አለ፣ ማንን ተናገረ፣ ምን ፈረመ። እዚያ የሚኖር ሰው ግን የልጁ ትምህርት ቤት፣ የመንጃ ፈቃዱ፣ የሰፈሩ ፖሊስ ጉዳይ በአብዛኛው የሚወሰነው ዋይት ሀውስ ሳይሆን በግዛቱ፣ በካውንቲውና በከተማው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው 10ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለፌዴራል መንግሥቱ ያልተሰጠና ለግዛቶች ያልተከለከለ ሥልጣን የግዛቶቹ ወይም የሕዝቡ ነው ይላል። ስለዚህ 50ዎቹም ግዛቶች የራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ አገረ ገዥ፣ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት አላቸው።

ይሄ ነገር የሰው ኪስ ድረስ እንዴት እንደሚገባ ለማየት ቨርጂኒያን እንውሰድ። አሌክሳንድሪያ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያላችሁ ስሙ አዲስ አይሆንባችሁም።

በ2010 በኦባማ ዘመን የወጣው የጤና ሕግ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠውን ሜዲኬይድ የተባለ የመንግሥት የጤና መድን ለማስፋት ያለመ ነበር። በ2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማስፋት አለማስፋቱን ለግዛቶቹ ተወው። ከወጪው ቢያንስ 90 በመቶውን የሚሸፍነው ፌዴራሉ ነው። እንዲያም ሆኖ በሪፐብሊካኖች የሚመራው የቨርጂኒያ ምክር ቤት ለዓመታት እምቢ አለ፤ ነገ ፌዴራሉ እጁን ቢሰበስብ ሸክሙ እኛ ላይ ይወድቃል ባይ ነበር።

ከዚያ የ2017 ምርጫ መጣ። ከ100 ወንበር 66ቱን ይዘው የነበሩት ሪፐብሊካኖች ክፉኛ ተሸነፉ። ኒውፖርት ኒውስ ያለው 94ኛው የምርጫ ክልል ደግሞ አልለይ አለ። በመጀመሪያው ቆጠራ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ በ10 ድምፅ መሩ። እንደገና ሲቆጠር ዴሞክራቷ ሼሊ ሲሞንድስ በ1 ድምፅ በለጡ። በማግስቱ ዳኞች፣ በሁለቱም ስም ላይ ምልክት የተደረገበትን አንድ ወረቀት ለያንሲ ቆጠሩት። 11,608 ለ11,608። እኩል!

የግዛቱ ሕግ ለዚህም መላ ነበረው፤ ዕጣ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ውስጥ ሁለቱ ስሞች ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገቡ። የያንሲ ስም ወጣ። ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዘው ቀጠሉ።

ከ66 ወደ 51 መውረድ ግን ቀላል መልእክት አይደለም። በዚያው ዓመት የተወሰኑ ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶቹ ጋር ድምፅ ሰጡና ሜዲኬይድ እንዲሰፋ ተወሰነ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለ400 ሺህ ገደማ ሰዎች በሩ ተከፈተ። ፕሬዚዳንቱ ያው ትራምፕ ነበሩ፤ የተለወጠው የግዛቱ ምክር ቤት ነው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር የአንድ ሰው ድምፅ ውጤት የመቀየር ዕድሉ ኢምንት ስለሆነ ተሰልፎ መምረጥ አያዋጣም የሚል ስሌት አለ። በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ለሚሳተፍበት የፕሬዚዳንት ምርጫ ስሌቱ ያስኬድ ይሆናል። 23 ሺህ ሰው የመረጠበት ቦታ ግን አንድ ሰው ቤቱ መቅረቱ ወንበሩን ለዕጣ ሰጠው። የሚገርመው፣ አንድ ድምፅ ይበልጥ በሚመዝንበት በአካባቢ ምርጫ ነው ሰው ይበልጥ የሚቀረው።

ቨርጂኒያ የምክር ቤት አባላቷን የምትመርጠው ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ጎዶሎ ዓመት ነው። ያኔ ስልካችን ላይ ብዙም ወሬ አይኖርም። እዚያ ዜግነት ያለው ዘመድ ካላችሁ፣ ደውላችሁ “ዘንድሮ መረጥክ?” ማለት ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው።