ለአቦምሳ ሠርግ የጠረጴዛ አበባ ሲመረጥ

በድሮው ዳስ የጠረጴዛ ጌጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ እንግዳው አግዳሚ ላይ ይደረደራል፣ መሶቡ ሲመጣ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ነው። ጌጡን ያመጡት አዳራሽና ድንኳን ናቸው፤ ስምንት አሥር ሰው የሚከብበው ክብ ጠረጴዛ መሐሉ ባዶ ሲሆን ዓይን አይሞላም። ዲኮር ሠሪዎች «ሴንተር ፒስ» ይሉታል። ዛሬ ከቬሎና ከኬክ ቀጥሎ ቤተሰብ የሚከራከርበትም እሱ ነው።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በቀለም ይጀመራል። አቦምሳን በመሰለ ሞቃት ከተማ ግን ከቀለም በፊት የሚጠየቀው አበባው እስከ ማታ መቆየቱ ነው። በየአጥሩ የሚንዠረገገው ቡጋንቪሊያ ለምሳሌ ግንዱ ላይ ሳለ ያምራል፤ ተቆርጦ ከዋለ ግን ሙሽሮቹ ሳይገቡ ይጠወልጋል።

ጽጌረዳ ይሻላል፤ ደግሞም ሩቅ አይደለም። በባቱ (ዝዋይ) ያለው የሼር እርሻ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የጽጌረዳ እርሻዎች አንዱ ሲሆን ምርቱ በቦሌ በኩል ወደ ሆላንድ ይበራል። ባቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ እድገቱን ስለሚያፋጥን ተክሉ ብዙ ዘንግ ይሰጣል፤ አበባው ግን አነስ፣ ዘንጉም አጠር ይላል። እንደ ሆለታ ባለው ደጋ ቀስ ብሎ ያደገው አበባው ትልቅ፣ ዘንጉ ረጅም ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ። ለጠረጴዛ አጭሩ ይበቃል። ዘንጉ ለማንኛውም ሊቆረጥ ለርዝመቱ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው።

የጥር ሠርገኛ አንድ ነገር ልብ ይበል። ፈረንጆች የፍቅረኞች ቀን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የካቲት 7 ላይ ስለሚውል እርሻዎቹ በጥር መጨረሻ ለውጭ ገበያ ይሯሯጣሉ። ያኔ ቀዩን ጽጌረዳ ከመፈለግ ነጩን ወይም ብርቱካናማውን መያዝ ይቀላል።

ብርቱካን ካነሣን፣ የአቦምሳ ሰው ጌጥ ፍለጋ አዳማ ድረስ የሚሄድበት ምክንያት አይገባኝም። እዚያው አካባቢ ያሉት የኑራ ኤራና የመርቲ ጀጁ እርሻዎች ስም ከብርቱካንና ከቲማቲም ጋር የኖረ ነው። ዝርግ ሳህን ላይ ከነቅጠሉ የተደረደረ ብርቱካን፣ በመሐሉ ጥቂት ነጭ ጽጌረዳና የጠጅ ሳር፣ ከኪራዩ ወርቅማ ማቆሚያ በላይ ያምራል። እንግዳም ሲወጣ ይበላዋል። ሙዝና ማንጎ ግን ከአበባ ይራቁ። ሲበስሉ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙ አበባን ያስረጃል፣ ቅጠሉንም ያረግፋል። ብርቱካን ይህን ጋዝ የሚያወጣው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ የሻገተ ካለ ግን ከመሐል ይውጣ። አበባ ከበሰለ ሙዝ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማሳደርም ያው ጥፋት ነው።

ቁመትን በተመለከተ ሕጉ ቀላል ነው፤ ወይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ይነስ፣ ወይ ከ60 ይብለጥ። በመሐል ያለው ልክ ፊት ላይ ስለሚውል አማትና አማት አይተያዩም። እኔ ዝቅተኛውን እመርጣለሁ። ረጅሙ ለካሜራ እንጂ ለተጋባዥ አልተሠራም፤ ነፋስ በሚገባበት ድንኳን ደግሞ ይወድቃል። ጠረጴዛው ላይ ውኃው፣ ለስላሳው፣ ቢራው፣ ሳህኑ እንደሚሰፍርም አይረሳ።

አበባው ሲደርስ ዘንጉ ጫፉ በሰያፍ ይቆረጥ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባው ቅጠል ይለቀም፣ ባልዲው ጥላ ሥር ይቀመጥ። ውኃው ላይ ጥቂት ስኳርና ሁለት ሦስት ጠብታ በረኪና ቢጨመር ስኳሩ ይመግበዋል፣ በረኪናው ባክቴሪያውን ይገታል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ዲኮር ሠሪውን አንድ ናሙና አሠሩት። ናሙናውን ከቀትር እስከ ማታ በድንኳን ሙቀት አቆዩት፣ ግራና ቀኝ ተቀምጣችሁም ተያዩበት። ከጠወለገ ወይም ፊት ከጋረደ ሌላ እዘዙ።