የሚቆርጠው ስለቱ ነው፦ ስለማይታጠፍ ቢላ ተረትና እውነታ

ለጫካ ጉዞ ወይም ለዕለት ሥራ የማይታጠፍ ቢላ ሊገዛ የወጣ ሰው ምክር አያጣም። ሻጩ ይመክረዋል፣ ጓደኛው ይመክረዋል፣ በስልኩ የሚያየው ቪዲዮም ይመክረዋል። ምክሩ በአብዛኛው ስለ ርዝመት፣ ስለ ውፍረትና ስለ ብረቱ ስም ነው። ቢላ የሚቆርጠው ግን በስለቱ ቅርጽ ነው። ይህ ሳይታይ የሚመረጥ ቢላ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢሆን ባለቤቱን ያደክማል፤ አንዳንዴም ያቆስላል። ስለዚህ በሰፊው የሚታመኑትን ነገሮች አንድ በአንድ ማየት ይበጃል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ለጫካ ትልቅ ቢላ ያስፈልጋል»

ይህን እምነት በማስፋፋት ሲኒማን የሚስተካከለው የለም። በ1982 የመጀመሪያው የራምቦ ፊልም ሲወጣ፣ የአርካንሳሱ ቢላ ሠሪ ጂሚ ላይል የሠራው ቢላ ከተዋናዩ ባልተናነሰ ዝነኛ ሆነ። ጀርባው የመጋዝ ጥርስ ነበረው፤ እጀታው ደግሞ ውስጡ ክፍት ሆኖ ክብሪትና የዓሣ መንጠቆ ይይዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ገበያውን ያጥለቀለቁት ርካሽ ቅጂዎች ናቸው። እጀታው ውስጡ ክፍት ሲሆን ብረቱ የሚገባው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ በርካሾቹ ላይ መገጣጠሚያው ቶሎ ይላላል። የጀርባው ጥርስም እንጨት ውስጥ ይቀረቀራል እንጂ እንደ መጋዝ አይሄድም፤ አውራ ጣትን በቢላው ጀርባ ላይ አሳርፎ መግፋትንም ይከለክላል።

ዕድሜያቸውን ጫካ ለጫካ የዞሩ ሰዎች የጻፉት ከዚህ ይለያል። «ነስማክ» በሚለው የብዕር ስሙ የሚታወቀው ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስ በ1884 «ዉድክራፍት» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትም፣ የሚይዘው ትንሽ መጥረቢያና ስስ ቢላ ነበር። ሆራስ ኬፋርትም በ1906 ስለ ጫካ ኑሮ በጻፈው መጽሐፉ፣ ግዙፍና አስፈሪ መልክ ያላቸውን ቢላዎች ትቶ ልከኛውን መርጧል። ካናዳዊው ሞርስ ኮቻንስኪ ደግሞ የብረቱን ርዝመት ከመዳፍ ስፋት ጋር ያመዛዝን ነበር። ይህም ለአብዛኛው ሰው 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሥራውን ማየት ይበቃል። ጫካ ውስጥ ቢላ የሚውለው ቅርፊት በመላጥ፣ ችካል በማሾል፣ ገመድ በመቁረጥ፣ ዓሣ በማጽዳት፣ ሽንኩርት በመክተፍ ነው። ለዚህ ሁሉ ጫፉ ለእጅ ቅርብ መሆን አለበት። ብረቱ በረዘመ ቁጥር ጫፉ ከጣት ቁጥጥር ይርቃል። በሰሜን ስካንዲኔቪያ የሚኖሩት ሳሚዎች «ሌኡኩ» የሚባል ትልቅ ቢላ አላቸው፤ ቅርንጫፍ ይመለምሉበታል፣ ማገዶ ይፈልጡበታል። ለስሱ ሥራ ግን አጠገቡ ትንሿን ቢላ ይይዛሉ።

«ወፍራም ብረት ጠንካራ ነው፣ ጠንካራ ደግሞ ይሻላል»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። የብረት ውፍረት እጥፍ ሲሆን ላለመጉበጥ ያለው አቅም ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ቢላ መፈንቀያ አይደለም።

ስለት እንጨት ውስጥ ሲገባ ሽብልቅ ነው። ከጠርዙ ወደ ላይ ውፍረቱ በፍጥነት የሚጨምር ከሆነ፣ ጠርዙ ምላጭ ቢሆን እንኳ ከኋላው ያለው ወፍራም ብረት እየገፋ ያስቆመዋል። ይህ በደንብ የሚታየው እርጥብ ቀን ላይ እሳት ሲያያዝ ነው። ወፈር ያለ እንጨት ተፈልጦ ደረቅ ልቡ ይወጣል፤ ከዚያ ቢላው ገደድ ተደርጎ ከላይ ወደ ታች ይገፋል። ስስ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ይሄድና ከዘንጉ ሳይላቀቅ ጫፉ ላይ ይቀራል። አንዱ በአንዱ ላይ ሲከመር አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ሰፊና ጠፍጣፋ ስለት ያለው ስስ ቢላ ይህን ያለ ትግል ይሠራል። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና ስለቱ አጭርና ደንደን ያለ ቢላ ግን ወይ ከእንጨቱ ላይ ይንሸራተታል ወይ ጠልቆ ገብቶ ፍቅፋቂውን ይበጥሰዋል። ማታ ካሮት ሲቆርጡበትም አይከትፍም፤ ይሰነጥቃል።

ለንጽጽር የስዊድኑን ሞራ እንውሰድ። በዳላርና፣ ሞራ ከተማ አጠገብ ባለችው ኦስትኖር መንደር በ1891 የተጀመረው የቢላ ሥራ ዛሬ «ሞራክኒቭ» በሚል ስም ቀጥሏል። «ኮምፓኒየን» የሚባለው ቢላቸው ርዝመቱ 104 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለቱ በእያንዳንዱ ጎን በአንድ ጠፍጣፋ ተዳፋት ይወርዳል፤ ከጠርዙ ላይ ሌላ ሰፊ ተዳፋት አይጨመርበትም። የስካንዲኔቪያ አሳሳል የሚባለው ይህ ነው። እንጨት ላይ ተዳፋቱ ራሱ እጅን ስለሚመራ ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል የለም። ይህን ቢላ አናጢውም፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም፣ ዓሣ አጥማጁም ይይዘዋል፤ ዋጋውም ከታዋቂዎቹ የአሜሪካ ቢላዎች በብዙ ያንሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ይህን ወይም መሰሉን ነው የምመክረው። ከዚህ በላይ የሚከፍል ሰው ለምን እንደሚከፍል ማወቅ አለበት።

በዱላ የቢላውን ጀርባ እየመታ ማገዶ ሊፈልጥ ያሰበ ሰው 3 ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ውፍረት ቢመርጥ ያዋጣዋል። ግንድ ግን የመጥረቢያና የመጋዝ ሥራ ነው።

«ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ካልዘለቀ ይሰበራል»

ቪዲዮ ላይ በብዛት የሚደመጠው ይህ ነው። ብረቱ በእጀታው ሙሉ ስፋትና ርዝመት ዘልቆ በሁለቱም ጎን እንጨት ወይም ፕላስቲክ የተገጠመበት ቢላ ለመምታትም ለመፈንቀልም ጠንካራ መሆኑ አይካድም። የፊንላንዳውያን ቢላ «ፑክኮ» ግን በባህሉ እንዲህ አይደለም። ከእጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ቀጭን ነው፣ ዙሪያውን እንጨት ይሸፍነዋል፤ ፊንላንዳውያንም ትውልድ ሲያልፍ ትውልድ ሲተካ በዚሁ ኖረዋል። በብርድ አገር እጀታው ላይ ባዶ ብረት አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ብረት መዳፍን ያደነዝዛል። ክብደቱም ይቀንሳል፣ ሚዛኑም ወደ ስለቱ ይመጣል።

ከጭራው ስፋት ይልቅ መታየት ያለበት ጭራውና ስለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። እዚያ ጋ ብረቱ በሹል ማዕዘን በድንገት ከጠበበ ጫናው ሁሉ በዚያ ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ክብ ብሎ ከጠበበ ግን ይበተናል። ሙሉ ጭራ ያለው ቢላም በእሳት አያያዙ ከተበላሸ ይሰበራል። የኮምፓኒየን ጭራ እጀታውን ሙሉ በሙሉ አያዳርስም፣ በተለመደው የመቅረጽና የመቁረጥ ሥራ ግን ይህ አይጎዳውም። ከባድ ምት ለሚፈልግ ሰው ያው ፋብሪካ ብረቱ እስከ ጫፍ የሚዘልቀውን «ጋርበርግ» ያቀርባል።

«ስቴንለስ አይዝግም፤ እውነተኛ የጫካ ሰው ግን ካርቦን ነው የሚይዘው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። በ1913 በእንግሊዟ ሼፊልድ ሃሪ ብሪርሊ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ያገኘው ቅይጥ የቢላን ታሪክ ለወጠ። ቅይጡ ስቴንለስ ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያስፈልገዋል። ይህ ዝገትን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። የባሕር ጨው፣ ላብና እርጥብ የቆዳ ሰገባ ሁሉም ነጠብጣብ ያወጡበታል። ካርቦን ብረት ደግሞ ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ይጠቁራል። ያ ጥቁረት ዝገት አይደለም፤ ብረቱን በመጠኑም ቢሆን ይከላከልለታል። ከሥራ በኋላ መጥረግና ስስ ዘይት መቀባት ለሚሰለቸው ሰው ስቴንለስ ይሻለዋል።

«እሳት የሚያወጣው ካርቦን ብቻ ነው» የሚለውም ግማሹ ተረት ነው። ባልጩት ላይ ለሚመታ ሰው ጠንካራ ካርቦን ብረት ያስፈልጋል፤ ብልጭታው ከብረቱ ስለሚፋቅ ነው። ዛሬ ተጓዦች የሚይዙት ዘንግ ግን ካርል አወር ፎን ቬልስባህ በ1903 ከፈለሰፈው ቅይጥ የተሠራ ነው፤ እዚህ ላይ የሚነደው ዘንጉ ራሱ ነው። ስለዚህ ስቴንለስም ይሠራል። የሚያስፈልገው የቢላው ጀርባ ጠርዙ ያልተድበለበለ፣ ቀጥ ያለ ማዕዘን መሆኑ ብቻ ነው። ስትገዙ በጥፍራችሁ ሞክሩት፤ ጀርባው ጥፍርን ከፋቀ ዘንጉንም ይፍቃል።

ቢላው ስቴንለስ መሆኑን በማግኔት መሞከር አያዋጣም። የቢላ ስቴንለስም በማግኔት ይሳባል።

«ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ቢላው ይበልጣል»

የብረት ጥንካሬ በሮክዌል ይለካል። የሞራ ስቴንለስ ቢላዎች ከ56 እስከ 58 ላይ ናቸው፤ ብዙ የጃፓን የወጥ ቤት ቢላዎች 60 ያልፋሉ። ከፍ ያለው ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፣ ግን አጥንት ወይም የእንጨት ቋጠሮ ሲያገኘው ይሸረፋል፤ ለመሳልም ጊዜ ይፈጃል። ከካምፕ ርቆ በትንሽ ድንጋይ ቢላውን መሳል ለሚኖርበት ሰው መካከለኛው ይመረጣል።

የብረቱ ስምም ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ወሳኙ የእሳቱ ሥራ ነው። ብረቱ ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ ከዚያ በልከኛ ሙቀት ተመልሶ መለዘብ አለበት። እዚህ ላይ የአገራችን ቀጥቃጮች ሥራ ያለ አግባብ ይናቃል። ከመኪና ባሌስትራ የሚቀጠቀጠው ቢላ መነሻው ደካማ ብረት አይደለም፤ የባሌስትራ ብረት ለከባድ ቢላ ከሚመረጡት አንዱ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው መንከሩና ማለዘቡ በአግባቡ መሠራቱ ነው። በጥሩ እጅ የተሠራ እንደሆነ ከውጭ ከሚመጣው ርካሽ ቢላ አስር ጊዜ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በማሸጊያ ላይ የሚጻፉትንም በዚሁ ዓይን እዩ። «የቀዶ ሕክምና ብረት» የሚለው ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ አይገልጽም። «ዳማስከስ» እየተባለ የሚሸጠው የዛሬ ቢላ ሁለት ዓይነት ብረት ተደራርቦ በእሳት የተዋሐደ ነው፤ ውበቱ እውነት ነው፣ የበለጠ ይቆርጣል የሚለው ግን አይደለም። በቢላ ጎን የሚታየው ቦይም ደም ማፍሰሻ አይደለም፤ ብረቱን የሚያቀል ነው።

«ዱልዱም ቢላ አይጎዳም»

ለልጅ የዶለዶመ ቢላ የሚሰጥ ወላጅ ብዙ ነው። ዱልዱም ቢላ ግን ጉልበት ይጠይቃል፣ በጉልበት የተገፋ ቢላ ደግሞ ሲያመልጥ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ስለታሙ በትንሽ ግፊት ይቆርጣል፤ እጅ ይቆጣጠረዋል።

የስካንዲኔቪያ ስለት ያለውን ቢላ መሳል ለመማር ቀላል ነው። ተዳፋቱን በማርከር ቀለም ቀቡት። ድንጋዩን አርጥቡና ተዳፋቱን ሙሉ በሙሉ አስተኙበት፤ ሁለት ጣት ከላይ ጫን አድርጋችሁ ከድንጋዩ ላይ ስስ ቅጠል እንደምትቆርጡ ወደ ፊት ግፉት። ቀለሙ ከየት እንደለቀቀ ተመልከቱ። ከላይ ብቻ ከለቀቀ ጠርዙ ድንጋዩን አልነካም፤ ከጠርዙ ላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባውን አንስታችኋል። በሌላው ጎን ጣት የሚያገኘው ሻካራ ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲወጣ ገልብጡት። መጨረሻ ላይ በአሮጌ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ጀርባው አቅጣጫ ብቻ፣ ጥቂት ጊዜ ጎትቱት። ወረቀት ሳይተረተር ከቆረጠ በቂ ነው።

«ትንሽ ቢላ ስለሆነ ወገብ ላይ ማሰር ይቻላል»

ይህኛው ተረት ፍርድ ቤት ያደርሳል፤ በተለይ በውጭ አገር ለሚኖር ወገን አጥብቄ ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። ስዊድን ሞራ በየብሎንና ቀለም መሸጫው የሚሸጥባት አገር ናት። እዚያም ግን በሕዝብ ቦታ ያለ በቂ ምክንያት ቢላ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሥራ ላይ ያለ አናጢ ምክንያት አለው፣ ከተማ የሚዝናና ሰው የለውም። ብሪታንያም በ1988 ያወጣችው ሕግ ያለ በቂ ምክንያት የሚፈቅደው ታጣፊ፣ በቦታው የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቢላ ብቻ ነው። የማይታጠፍ ቢላ ምንም ያህል ቢያንስ ከዚህ ውጭ ነው፤ ቅጣቱም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። ጀርመን ስለቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የማይታጠፍ ቢላ ያለ ምክንያት መያዝን ትከለክላለች፣ በ2024 ደግሞ ደንቡን አጥብቃለች። በእስራኤል ከቤቱ ውጭ ቢላ የያዘ ሰው ለተገቢ ዓላማ መያዙን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። አሜሪካ ከግዛት ግዛት፣ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ስለቱ 4 ኢንች የሆነ ቢላ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ያስከስሳል።

«ራሴን ልከላከልበት ነው» የሚለው መልስ በብዙዎቹ አገሮች ነገሩን ያባብሰዋል። ወደ ጫካ ስትሄዱ ቢላው በሰገባው ሆኖ ከሻንጣው ታች፣ ከድንኳኑና ከምግቡ ጋር ይታሸግ። በአውሮፕላንም ወደ ውስጥ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ተሸፍኖ ከሚላከው ሻንጣ ጋር ይሄዳል። ስትመለሱ ከመኪናው አውጡትና ቤት አስቀምጡት፤ በብሪታንያ መንገድ ላይ የቆመ መኪናም የሕዝብ ቦታ ውስጥ ነው፣ «ረስቼው ነው» ማለት ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም።