ጊዜው ያለፈበትና ጊዜውን ያስፈጀው

«ኮምፓይለሩ ቀርፋፋ ነው» የሚል አቤቱታ ሲደርሰኝ «የትኛው ክፍሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ኮምፓይለር ከውጭ ሲያዩት አንድ ፕሮግራም ይምሰል እንጂ ውስጡ ብዙ ሠራተኛ አለ፦ ኮዱን አንብቦ አወቃቀሩን የሚለይ፣ የዳታ ዓይነቶችን የሚፈትሽ፣ ኮዱ እንዲፈጥን የሚያሻሽል፣ የማሽን ኮድ የሚያወጣ። ከእነሱ በኋላ ደግሞ የወጡትን ቁርጥራጮች ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገጣጥመው ሊንከር ይከተላል። ሳይለኩ አንዱን መክሰስ በባለሙያዎችም ዘንድ የተለመደ ነው፤ ግምቱ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል።

መለኪያ አላጣንም። የጂሲሲ ኮምፓይለር ታይም ሪፖርት በተባለው አማራጩ የየክፍሉን ጊዜ በሠንጠረዥ ያትማል። ሌላው ኮምፓይለር ክላንግ ደግሞ በ2019 በወጣው 9ኛ ስሪቱ ታይም ትሬስ የተባለውን አማራጭ አገኘ። ይህን የጨመረለት አራስ ፕራንኬቪቹስ የጌም ኤንጂን ባለሙያ ነው፤ የጌም ሰዎች እያንዳንዷን ሚሊሰከንድ በመስመር ዘርግተው ማየት የለመዱ ናቸው። ውጤቱ በክሮም ብራውዘር የሚከፈት ሥዕል ነው። ብዙ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራመሮች ይህን ሥዕል ሲከፍቱ ያልጠበቁትን ያያሉ፤ ሰፊውን ቦታ የያዘው ሲወቅሱት የኖሩት ኦፕቲማይዘር ሳይሆን የሄደር ፋይሎች ንባብ ሆኖ ይገኛል። አምስት መስመር ብቻ ያላት ፋይል አይኦስትሪም የተባለውን ሄደር ከጠራች ኮምፓይለሩ የሚያነበው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መስመር ነው።

ይሁን እንጂ ሠንጠረዡም ሥዕሉም የሚነግሩን ጊዜው የት እንዳለፈ ነው። ማን እንዳስፈጀው አይነግሩንም። በሥራዬ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የምሻበት ነገር የለም። የረስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋን እንውሰድ። የረስት ኮምፓይለር ኮድ የማሻሻሉንና የማሽን ኮድ የማውጣቱን ሥራ ለኤልኤልቪኤም ያስረክባል፤ ሲለካም ትልቁ ድርሻ ብዙ ጊዜ በኤልኤልቪኤም ስም ይመዘገባል። ግን አንድ ጀነሪክ ፈንክሽን በሃያ የዳታ ዓይነቶች ከተጠራ የፊተኛው ክፍል ሃያ ቅጂ አባዝቶ ይልካል። አንድ ኩንታል የሚበቃው ሰው ሃያ ኩንታል አስጭኖ ሄዶ ወፍጮው ዘገየ ቢል ማን ይሰማዋል? ዴቪድ ቶልናይ የሠራውን ካርጎ ኤልኤልቪኤም ላይንስ የተባለ መሣሪያ የምወደው ለዚህ ነው። ሰከንድ አይቆጥርም፤ እያንዳንዱ ፈንክሽን በስንት ቅጂ ስንት መስመር ለኤልኤልቪኤም እንዳሸከመ ያሳያል።

ክላንግም ላይ ይኸው ችግር በሌላ መልክ ይመጣል። አብዛኞቹ የቴምፕሌት ፈንክሽኖች ሥጋ የሚለብሱት ፋይሉ ተነብቦ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ወጪው በመጨረሻ ተጠራቅሞ ይታያል እንጂ ቴምፕሌቱን ባመጣው ሄደር ስም አይጻፍም። የረስት ኮምፓይለር ደግሞ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ሲጠየቅ ነው፤ መልሱን ያስቀምጥና ለሁለተኛው ጠያቂ እንዲሁ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሒሳቡን የሚከፍለው ቀድሞ የጠየቀው ክፍል ነው። የጥያቄው ቅደም ተከተል ሲቀየር ወጪው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ድምሩ ግን ያው ነው። አንድ ክፍል ራሱ የፈጀውንና በእሱ ሥር የተጠሩት የፈጁትን ለይቶ የማያሳይ ሪፖርት ሲቀርብልኝ ውሳኔ አልሰጥበትም።

ቁጥሩ ራሱም ይዋዥቃል። ፕሮሰሰሩ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ፋይሎቹ አስቀድመው ሜሞሪ ውስጥ ካሉ ሁለተኛው ሙከራ ይፈጥናል። ቶድ ሚትኮዊትዝና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች መጠን ወይም ፋይሎች ሊንክ የሚደረጉበት ተራ ብቻ ሲቀየር የሚለካው ፍጥነት እንደሚለወጥ አሳይተዋል። የረስት ቡድንና የኤልኤልቪኤምን ፍጥነት የሚከታተለው ኒኪታ ፖፖቭ ከሰዓት ይልቅ ፕሮሰሰሩ የፈጸማቸውን ትእዛዞች ብዛት በዋናነት የሚያዩት፣ ይህ ቁጥር ከሰዓት ይልቅ የረጋ ስለሆነ ነው። አንድ በመቶ የማትሞላ ለውጥ የምትለየው በዚህ ነው። ሆኖም የትእዛዝ ብዛት ከዲስክ ወይም ከሜሞሪ መልስ ሲጠበቅ የሚባክነውን አያይም፤ ሥራው በስንት ኮር ተከፋፍሎ እንደተሠራም አይናገርም። እኔ ሁለቱንም እይዛለሁ፤ ሲጋጩ ግን የማምነው ሰዓቱን ነው፤ ሰው የሚጠብቀው በሰዓት ነውና።

የቱን እንደምንለካም መምረጥ አለብን። ብዙ ሪፖርቶች የሚሠሩት ፕሮጀክቱ ከዜሮ ኮምፓይል ሲደረግ ነው። ፕሮግራመሩ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው ግን አንዲት መስመር ቀይሮ እንደገና ሲሞክር ነው። እዚያ ላይ አብዛኛው ሥራ ከቀድሞው ተቀምጦ ስለሚገኝ ይዘለላል፤ ሊንከሩ ግን ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ፕሮግራም እንደገና ያገጣጥማል። በሙሉ ሥራው ሪፖርት ግርጌ የነበረው ሊንከር እዚህ ቀዳሚ ይሆናል። የረስት ቡድን በ2025 በወጣው 1.90 ስሪት ሊኑክስ ላይ ለ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ኤልኤልዲ የተባለውን ፈጣን ሊንከር መደበኛ ያደረገው ይህን ጥበቃ ለማሳጠር ነው።