ከጎጆ የተነሣ ጥያቄ ሰርቨሩን ለምን ያደክመዋል?

ባለብዙ ገጽታ ጥያቄ የሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ያለን ቁጥር በአንድ ጊዜ በቦታ፣ በጊዜና በዓይነት እየከፋፈለ የሚያስደምር ጥያቄ ነው። በምዕራብ ሸዋ ዞን የጀልዱ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ጎጆ አንድ የጤና ባለሙያ የወረዳውን የዓመት ክትባት በጤና ድርጅት፣ በወር፣ በጾታና በክትባት ዓይነት ለይቶ ማየት ቢፈልግ የሚያቀርበው ይህንኑ ነው። ጥያቄውን የሚመልሰው ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ላይ ያዋለው ዲኤችአይኤስ 2 ነው። ሥርዓቱ መነሻው ደቡብ አፍሪካ ሲሆን ዛሬ የሚያበለጽገው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ መረጃውን ፖስትግሬስ በተባለ ዳታቤዝ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ቁጥር ምን፣ የት እና መቼ እንደሆነ ተለይቶ ይመዘገባል።

ጥያቄውን የሚያከብደው ማባዛት ነው። በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከአምስት ጤና ኬላዎች ጋር እንዲሠራ ታስቧል። ስድስቱ በየወሩ 100 ዓይነት መረጃ በስምንት የዕድሜና የጾታ ክፍል ይመዘግባሉ ቢባል የዓመቱ ሠንጠረዥ 57,600 ሕዋስ ይኖረዋል። ይህ ገና የአንድ ጤና ጣቢያ ነው። ወረዳው፣ ዞኑና ክልሉ ሲደመሩበት፣ ያለፉት ዓመታትም ሲታከሉበት ቁጥሩ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ጥሬው መዝገብ ደግሞ የሚያውቀው ጤና ኬላውን እንጂ ወረዳውን አይደለም። የጀልዱን ድምር ለማግኘት ሰርቨሩ የትኛው ኬላ በማን ሥር እንዳለ እየፈለገ፣ ሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ዓመት መሠረት ወሮቹን በየሩብ ዓመቱ እየመደበ መደመር ይኖርበታል።

መፍትሔ ከመፈለግ በፊት ጊዜው የት እንደሚያልቅ መለካት ያስፈልጋል። በየመሥሪያ ቤቱ «ሲስተም የለም» ሲባል ጥፋተኛው ኔትወርኩ ይሁን ሰርቨሩ የሚለይ ሰው ብዙም አይገኝም። ያው ጥያቄ ራሱ ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ሲሞከር ፈጥኖ ከመለሰ ዳታቤዙን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። እዚያም ከዘገየ ፖስትግሬስ «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ጥያቄው በየትኛው ደረጃ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ዘርዝሮ ያሳያል። በዝርዝሩ ውስጥ ሦስት ምልክቶች ይፈለጋሉ። ጥቂት መስመር ለማውጣት ሙሉ ሠንጠረዡ ከዳር እስከ ዳር ተነቦ ከሆነ የጎደለው ኢንዴክስ፣ ማለትም የተፈለገውን መስመር ቶሎ የሚያስገኝ ማውጫ ነው። ዳታቤዙ አስቀድሞ የገመተው የመስመር ብዛት ከተገኘው እጅግ ከራቀ ስለ ሠንጠረዡ የያዘው አኃዝ አርጅቷል፤ «አናላይዝ» ያድሰዋል። ድርደራው ሚሞሪ አልበቃው ብሎ ወደ ዲስክ ከፈሰሰ ለሥራው የተፈቀደለት ሚሞሪ አንሷል፤ ይህ መጠን ካልተቀየረ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው። ነገር ግን ሚሞሪው የሚወሰደው በእያንዳንዱ ድርደራ ልክ ስለሆነ ያለ ስሌት የተጨመረ እንደሆነ፣ ሁሉም ወረዳ ሪፖርት በሚያስገባበት ሰሞን ሰርቨሩን ሊጥለው ይችላል።

ትልቁ መፍትሔ ድካሙን ወደ ሌሊት ማዛወር ነው። ዲኤችአይኤስ 2 ጥሬውን መዝገብ ለሪፖርት አያስነብብም። ተጠቃሚ በማይበዛበት ሰዓት ለትንተና ብቻ የሚያገለግሉ ሠንጠረዦችን ያዘጋጃል። በነዚህ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ወረዳው፣ ዞኑ፣ ክልሉ፣ ወሩ፣ ሩብ ዓመቱና ዓመቱ በየዓምዳቸው ተጽፈው ይቀመጣሉ። ሠንጠረዡ በዓመት ስለሚከፋፈል የዘንድሮን የሚጠይቅ የአምናውን አይነካም። አዲሱ ተሠርቶ ኢንዴክሱ እስኪያልቅ አሮጌው ያገለግላል፤ ከዚያ ይተካል።

ይህ ፍጥነት በነጻ አይገኝም። ጠዋት የገባ ሪፖርት ሠንጠረዡ እስኪታደስ ድረስ በድምሩ ውስጥ አይታይም። ይህን ያልተነገረው ሠራተኛ መረጃው የጠፋ መስሎት ደግሞ ሊጽፈው ይችላል። አዳዲሶቹ የሥርዓቱ እትሞች የቅርቡን ለውጥ ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚጨምር ሥራ አላቸው። ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው መቶኛ ነው፤ የአምስት ኬላዎች የክትባት ሽፋን መቶኛ ተደምሮ ለአምስት ቢካፈል የአምስቱን የጋራ ሽፋን አይሰጥም። ስለዚህ የተከተቡትና መከተብ የነበረባቸው ሕፃናት ለየብቻ ተይዘው ማካፈሉ ለመጨረሻ ይቆያል።

ሌሎች ሥርዓቶችም ከዚሁ ሐሳብ አይርቁም። ማይክሮሶፍት በ1997 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ኤምዲኤክስ የተባለ የጥያቄ ቋንቋ ባንኮችና ነጋዴዎች በሚጠቀሙባቸው የትንተና ሰርቨሮች ይሠራል። እዚያ የተለመደው ጥፋት ቀመሩን ለእያንዳንዱ ሕዋስ ለየብቻ ማስላት ነው። አብዛኛው ሕዋስ ባዶ በመሆኑ ባዶውን ከመጀመሪያው እንዲዘል ማዘዝ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። የጥገናው ውጤት ሲለካ ሰርቨሩ ቀደም ብሎ በሚሞሪ የያዘውን መልስ መጣል ያስፈልጋል፤ አለዚያ የፈጠነው ጥያቄው ሳይሆን ትዝታው ይሆናል።

አዲስ ማሽን መግዛት የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሚሽከረከር ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ መሸጋገር በእርግጥ ይረዳል። ይሁን እንጂ ፖስትግሬስ በዲስክ ላይ እየዘለሉ ማንበብ ተከታትሎ ከማንበብ አራት እጥፍ እንደሚከብድ አድርጎ ይገምታል፤ ይህ ግምት ለኤስኤስዲ ወደ 1.1 ካልወረደ አዲሱ ዲስክ ተገጥሞም ዳታቤዙ ኢንዴክሱን ትቶ ሙሉ ሠንጠረዡን ማንበብ ሊቀጥል ይችላል።