ቦኖው ለምን ደረቀ?

ቦኖው ደረቀ። ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ አለ፤ ቧንቧውም አልተሰበረም። ታዲያ ምን ሆነ? ከመንደሩ ራቅ ብሎ ነፋስ የመብራት እንጨት ጥሏል። ውኃውን ከጉድጓድ የሚስበው ሞተር የሚሠራው በመብራት ነው። አንድ እንጨት ስለወደቀ ሴቶቻችን ጀሪካን ይዘው ወንዝ ይወርዳሉ። ወፍጮውም አብሮ ቆሟል።

ገበሬ ወንድሞችና እህቶች! ውኃ፣ መብራት፣ መንገድና ስልክ በአንድነት መሠረተ ልማት ይባላሉ። እያንዳንዱ የራሱ መሥሪያ ቤት ስላለው የተለያዩ ይመስሉናል። ግን ሞፈር ያለ ቀንበር፣ ቀንበርስ ያለ በሬ ምን ይሠራል? እነዚህም እንደዚያው ናቸው።

«እንግዲያው የናፍጣ ሞተር እንግዛ» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ነው። ናፍጣው ግን ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ መኪና ነው የሚመጣው። ክረምት ገብቶ ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ሞተር አለ፣ ናፍጣ የለም። የመብራት ባለሙያ በስልክ እንጥራ ቢባልስ? የስልኩ ማማ ራሱ መብራት ይፈልጋል። ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ መብራት መጥፋቱን የምንናገርበት ስልክም ይጠፋል። ይሄ እኮ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መቆለፍ ነው!

መብራቱስ ከየት ይመጣል? በአገራችን አብዛኛው ከወንዝ ነው። በ2001 ዓ.ም. ግድቦች ውኃ ሲያንሳቸው መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። አዋሽ ላይ የተሠራውን የቆቃ ግድብ እንመልከት። ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። ውኃው እዚያ መዘውር አዙሮ አያበቃም። ወርዶ የወንጂን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፤ ቀጥሎም አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የሚባሉትን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ያንቀሳቅሳል። ነገር ግን ከላይ ካለው ማሳ ጎርፍ ጠርጎ የሚያመጣው አፈር ሐይቁ ውስጥ ይተኛል፤ የውኃውንም ቦታ ይወስዳል። ቆቃ በዚህ ብዙ ተጎድቷል። ስለዚህ በማሳው ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ፣ የራሱ ቤት በኩራዝ ቢበራም እንኳ፣ የመብራት ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አዲስ ነገር ሲታቀድ በስብሰባ ላይ፣ «ይህ በምን ላይ ቆሟል? ያ ቢወድቅ ስንት ቀን እንቆያለን?» ብሎ መጠየቅ ነው። የውኃ ማጠራቀሚያው ከፍታ ላይ ይሠራ፤ ሞተሩ ቢቆምም ያለው ውኃ ቁልቁል በራሱ ይወርዳል። ለሁለት ሦስት ቀን እንዲበቃ ተደርጎ ቢሠራ ደግሞ የተሻለ ነው። ቦኖ ሲገባ አሮጌውን የእጅ ፓምፕ መተው ተለምዷል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ይጠገን፣ ይጠበቅ። ናፍጣ ክረምት ሳይገባ ይምጣ፤ ከእሳትም ይራቅ። የውኃ ቱቦ መንገድ የሚያቋርጥ ከሆነ መንገዱ ጠጠር ሳይለብስ ይቀበር፤ አለዚያ ዛሬ የተሠራው መንገድ ነገ ይቆፈራል። ዝናብና ነፋስ ሁሉን ነገር አብሮ ካበላሸ ደግሞ መጀመሪያ መንገዱ ይጠረግ፤ እንጨቱን የሚተክሉት ሰዎች መኪና የሚመጣው በእሱ ነውና።