አጥቂው ስንት ደቂቃ ይሰጠዋል?

በበረዶ ሆኪ ዓለም ትልቁ ሊግ ኤንኤችኤል ይባላል። በአሜሪካና በካናዳ ያሉ 32 ክለቦች ይፎካከሩበታል። አንድ ክለብ ለአንድ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ 12 አጥቂዎችን ያሰልፋል፤ ስለዚህ ሁሉም ክለቦች በአንድ ምሽት ሜዳ ቢገቡ እንኳ ለአጥቂ ያለው ቦታ 384 ብቻ ነው። ከካናዳ፣ ከአሜሪካ፣ ከስዊድን፣ ከፊንላንድ፣ ከሩሲያና ከቼክ ሪፐብሊክ የሚነሱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች የሚሻሙት ይህንኑ ቦታ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ምን እንደሚመስል ለማስተዋወቅ፣ በአንድ ክለብ ውስጥ ተገናኝተው በኋላ ለአንድ ዋንጫ ፊት ለፊት የተፋጠጡትን ጃሮም ኢጊንላንና ማርታን ሳን ሉዊን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር የሆነ፣ ዙሪያውን በሰሌዳና በመስታወት የታጠረ በረዶ ነው። የገና ጨዋታን ያየ ሰው ጫፉ የተቆለመመውን ዱላ ለማወቅ አይቸገርም፤ በእሩር ፋንታ የሚመታው ግን ፓክ የሚባል፣ 170 ግራም ገደማ የሚመዝን ጥቁር የጎማ ክብ ነው። እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ወገን ስድስት ሰው ይገባል፦ ግብ ጠባቂ፣ ሁለት ተከላካዮችና ሦስት አጥቂዎች። ከሦስቱ አንዱ የመሐል አጥቂ ነው። ዳኛው የሚጥለውን ፓክ ከተጋጣሚው ጋር የሚሻማው፣ ቡድኑ ሲጠቃም እስከ ራሱ ግብ አፍ ድረስ የሚወርደው እሱ ነው። ሁለቱ በቀኝና በግራ ክንፍ ይንቀሳቀሳሉ።

ጨዋታው እያንዳንዱ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ሦስት ክፍል አለው። አንድ አጥቂ ግን ባለ በሌለ ኃይሉ የሚሮጠው በአንድ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ጨዋታው ሳይቆም ወደ አግዳሚ ወንበሩ ይመለሳል፤ ተተኪው አጥሩን ዘሎ ይገባል። 12ቱ አጥቂዎች ሦስት ሦስት ሆነው አራት መስመር ይሠራሉ። በአንደኛው መስመር ያለው ኮከብ ተራዎቹ ሲደመሩ በአንድ ጨዋታ 20 ደቂቃ ያህል ይጫወታል፤ በአራተኛው ያለው 10 ደቂቃ ካገኘ ብዙ ነው። የደቂቃው ዓይነትም ይለያያል። ተጋጣሚ ጥፋት ሠርቶ አንድ ሰው ለሁለት ደቂቃ ሲወጣበት፣ በቁጥር ብልጫው ለመጠቀም የሚገቡት የላይኞቹ ናቸው፤ ጎል ከመቼውም ይልቅ የሚቀለውም በዚያ ሰዓት ነው። የታችኞቹ የሚገቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመግፋት፣ ለማድከምና ውጤት ለማስጠበቅ ነው።

ጎል ያገባም፣ ጎሉን አመቻችቶ ያቀበለም አንድ አንድ ነጥብ ይመዘገብለታል። ቀጣዩ ውል በአብዛኛው የሚለካው በዚህ ነጥብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ ከደቂቃ ይመጣል። ስለዚህ ስለ አጥቂ ሙያ የማምንበት አንድ ነገር አለ፦ ተሰጥኦና ልፋት እስከ በሩ ያደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የአጥቂውን ዕድል የሚወስነው ደቂቃ የሚሰጠው ሰው ነው።

ኢጊንላ የተጓዘው በዋናው መንገድ ነው። የተወለደው በ1977 በኤድመንተን ነው፤ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በሚኖሩባት የካናዳ ከተማ። አባቱ ከናይጄሪያ የመጡ፣ እናቱ አሜሪካዊት ናቸው። ወላጆቹ ሲለያዩ ልጁ ከኤድመንተን አጠገብ ባለችው በሴንት አልበርት ከእናቱ ጋር በአያቶቹ እርዳታ አደገ። የአያቶቹ እርዳታ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ስፖርት ውድ ነው፤ የመንሸራተቻ ጫማው፣ መከላከያው፣ የበረዶ ሜዳው ኪራይ፣ ከከተማ ከተማ የሚደረገው ጉዞ ሁሉ ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል፤ ልምምዱም ብዙ ጊዜ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ጥቁር ተጫዋች በበረዶ ሆኪ ውስጥ እምብዛም በማይታይበት ዘመን ኢጊንላ ዓይኑን የጣለው በከተማው ክለብ ኤድመንተን ኦይለርስ ግብ ላይ ይቆም በነበረው ጥቁር ግብ ጠባቂ በግራንት ፉር ላይ ነበር። አንድ ልጅ ራሱን የሚመስል ሰው በትልቁ ሜዳ ላይ ማየቱ ምን ያህል እንደሚያበረታ በስደት ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ያውቀዋል።

በካናዳ ጎበዝ የሆነ ልጅ 16 ዓመት ገደማ ሲሞላው ወደ ታዳጊዎች ከፍተኛ ሊግ ይገባል። ብዙዎቹ ቤታቸውን ትተው፣ ክለቡ ባለበት ከተማ ከሚቀበላቸው ቤተሰብ ጋር እየኖሩ ይማራሉ፣ ይጫወታሉ። ኢጊንላ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ለካምሉፕስ ብሌዘርስ ተጫውቶ በ1994 እና በ1995 የካናዳን የታዳጊ ክለቦች ዋንጫ፣ ሜሞሪያል ካፕን፣ ከቡድኑ ጋር አነሳ።

ከዚያ የሚመጣው ድራፍት ነው። ክለቦች በየዓመቱ ዕድሜያቸው 18 የደረሰ ወጣቶችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። አሁን ሰባት ዙር አለው፤ 32 ክለቦች ሰባት ጊዜ ሲመርጡ 224 ስም ይጠራል። የመረጠው ክለብ ወጣቱን የማስፈረም መብት ይይዛል። በ1995 ኢጊንላን ዳላስ ስታርስ 11ኛ አድርጎ መረጠው፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለዳላስ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ለካልጋሪ ፍሌምስ በልውውጥ ተሰጠ። ተጫዋቹ ሳይጠየቅ ከተማው የሚቀየርበት ሙያ መሆኑን ገና በታዳጊነቱ አወቀ። በ1996 መግቢያ ከካናዳ ጋር የዓለም ታዳጊዎች ወርቅ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት ከታዳጊ ሊግ በቀጥታ ለካልጋሪ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ገባ። ቁመናው 185 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ትከሻው ሰፊ ነበር። ደቂቃ ለማግኘት ማንንም መለመን አላስፈለገውም።

ሳን ሉዊ ግን አጭር ነበር። በ1975 ከሞንትሪያል ጎን ባለችው በላቫል ተወለደ፤ አድጎም ቁመቱ በይፋ የተመዘገበው 173 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ነው። በ1990ዎቹ ኤንኤችኤል ተከላካዮች አጥቂን በዱላ እየያዙ፣ እየጎተቱ፣ በሰሌዳው ላይ እያጣበቁ የሚያስቆሙበት ጊዜ ነበር፤ መልማዮቹም ቁመትና ክብደት ላይ ያተኩሩ ነበር። እሱም ያኔ ብዙ የካናዳ ልጆች የማይሄዱበትን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መንገድ መርጦ በ1993 ቨርሞንት ገባ። አራት ዓመት ተጫወተ፤ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከፍተኛው ነጥብ አስመዝጋቢ ሆነ፤ በ1996 ቡድኑን ከአገሪቱ አራት ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ተርታ ካሰለፉት አንዱ ነበር። ድራፍቱ በየዓመቱ ሲካሄድ ግን ስሙን የጠራ ክለብ የለም።

በድራፍት ያልተመረጠ አጥቂ የሚገባበት በር ከታች ነው። ሳን ሉዊ በ1997 ክሊቭላንድ ውስጥ በአነስተኛ ሊግ ጀመረ፤ በ1998 መጀመሪያ ካልጋሪ አስፈረመውና ወደ መጋቢ ቡድኑ፣ ወደ ሴንት ጆን ላከው። የመጋቢ ክለቦቹ ሊግ ኤኤችኤል ይባላል። ዛሬ በኤንኤችኤል ከሚጫወቱት ሰዎች አብዛኞቹ በዚያ አልፈዋል። ብዙዎቹ የሚፈርሙት ውል ሁለት ደመወዝ አለበት፤ ላይ ሲጠሩ አንድ ደመወዝ፣ ታች ሲመለሱ እጅግ ያነሰ ሌላ ደመወዝ። በ2025 የኤንኤችኤል ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 775,000 ዶላር ስለነበር በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድን ቤተሰብ ኑሮ የሚቀይር ነው። ስልክ በተደወለ ቁጥር ሻንጣ ማዘጋጀት የዚህ ሊግ አጥቂ ኑሮ ነው።

ሳን ሉዊ በሴንት ጆን በአማካይ በጨዋታ ከአንድ ነጥብ በላይ ያስመዘግብ ነበር። ካልጋሪ ሲጠራው ግን በአብዛኛው በታችኛው መስመር፣ ተጋጣሚን ለማቆም በሚፈለግ አጥቂ ቦታ ተሰለፈ። በሁለት የውድድር ዘመን 69 ጨዋታ፣ አራት ጎል። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ልጁ ለትልቁ ሊግ አይሆንም ቢል አይፈረድበትም፤ ቁጥሩ ምን ያህል ደቂቃ፣ በምን ሰዓት፣ ከማን ጋር እንደተሰጠው ግን አይናገርም። በ2000 ኮሎምበስና ሚኔሶታ አዲስ ክለብ ሲያቋቁሙ፣ ነባሮቹ ክለቦች የሚያስጠብቋቸውን ተጫዋቾች ዘርዝረው የቀሩት ለሁለቱ ምርጫ ቀረቡ። ካልጋሪ ሳን ሉዊን አላስጠበቀውም። አዲሶቹ ክለቦችም አልፈለጉትም። ካልጋሪ ለቀቀው፤ 25 ዓመቱ ነበር።

ታምፓ ቤይ ላይትኒንግ ያን ጊዜ ከሊጉ ደካማ ክለቦች አንዱ ነበር። ደካማ ክለብ ደግሞ የሚሰጠው ደቂቃ አለው። ሳን ሉዊ ፈረመ፤ በመጀመሪያው ዓመት 40 ነጥብ አገኘ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን እግሩ ተሰብሮ ተመለሰ። በ2001 ዋና አሰልጣኝ የሆነው ጆን ቶርቶሬላ ወደ ላይኛው መስመርና ወደ ቁጥር ብልጫው ተራ አስጠጋው። በ2002/03 የውድድር ዘመን 70 ነጥብ፣ በ2003/04 ደግሞ 94 አስመዘገበ። 94ቱ በሊጉ ከፍተኛው ነበር። የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ሃርትንም ወሰደ። አብሮት ይጫወት የነበረው ቪንሰንት ለካቫሊየ በ1998 ድራፍት ከሁሉ በፊት ስሙ የተጠራ፣ 193 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሰው ነበር። አንደኛ የተጠራውና ጨርሶ ያልተጠራው ለአንድ ቡድን ጎል ያገቡ ነበር።

በ2004 የሊጉ ሻምፒዮን ለሚወስደው ለስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሱት ታምፓና ካልጋሪ ናቸው። የካልጋሪ አምበል ኢጊንላ ነበር፤ በዚያ ዘመን 41 ጎል አግብቶ ከሁለት ሌሎች ጋር የጎል አግቢነቱን ደረጃ እኩል መርቷል። ካልጋሪ 3 ለ 2 እየመራ ስድስተኛው ጨዋታ በሜዳው ተካሄደ። አንዴ ቢያሸንፍ ዋንጫው የእሱ ነው። መደበኛው ሰዓት በእኩል አለቀ፤ የመጀመሪያው ጭማሪም እንዲሁ። ሁለተኛው ጭማሪ በተጀመረ በ33ኛው ሰከንድ ሳን ሉዊ፣ ከአራት ዓመት በፊት በለቀቀው ክለብ ግብ ውስጥ ፓኩን ከተተ። ከሁለት ቀን በኋላ ታምፓ ሰባተኛውን ጨዋታ 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

የአጥቂ እግር ብዙውን ጊዜ ሠላሳን ሲሻገር መክበድ ይጀምራል። ሳን ሉዊ ግን በ2013፣ በሥራ ውዝግብ ባጠረው የውድድር ዘመን፣ በ48 ጨዋታ 60 ነጥብ አስመዝግቦ በ37 ዓመቱ እንደገና በነጥብ የሊጉ ቀዳሚ ሆነ፤ በዕድሜ ከእሱ የገፋ ሰው ሊጉን በነጥብ መርቶ አያውቅም። በ2014 በራሱ ጥያቄ ወደ ኒው ዮርክ ሬንጀርስ ተዛወረ። በዚያው ዓመት ሜይ፣ በጥሎ ማለፉ መሐል እናቱ በድንገት አረፉ። በማግስቱ ተጫወተ፤ ከሁለት ቀን በኋላ፣ በእናቶች ቀን፣ ጎል አገባ። ሬንጀርስ ከፒትስበርግ 3 ለ 1 ከመመራት ተነስቶ እስከ ፍጻሜ ደረሰ፤ በዚያ ለሎስ አንጀለስ ተሸነፈ። በ2015 ጫማውን ሲሰቅል 1,134 ጨዋታና 1,033 ነጥብ ነበረው። በ2018 ወደ ሆኪ የክብር አዳራሽ ገባ። ኢጊንላም 1,554 ጨዋታ ተጫውቶ፣ 625 ጎል አግብቶ በ2020 ለክብር አዳራሹ ተመረጠ፤ የስታንሊ ዋንጫን ግን አንድም ጊዜ አላነሳም።

በፌብሩዋሪ 2022 ሞንትሪያል ካናዲየንስ ሳን ሉዊን ጊዜያዊ ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ሾመው። እስከዚያ ያሰለጠነው በአብዛኛው ልጆችን ነበር፤ ከእነሱም ውስጥ የራሱ ልጆች ይገኙበታል። በክለቡ ኮል ኮፊልድ የሚባል እንደ እሱ አጭር የሆነ ወጣት አጥቂ ነበር። ዓመቱን በችግር ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ ወደ መጋቢው ቡድን፣ ወደ ላቫል ወርዷል። አሰልጣኙ ከመለወጡ በፊት በ30 ጨዋታ ያገባው አንድ ጎል ነበር። ሳን ሉዊ የላይኛውን መስመር ቦታ ሰጠው፤ በቀሩት 37 ጨዋታዎች 22 ጎል አገባ። ሰውየው ያው ሰው፣ ዓመቱም ያው ዓመት ነው። በ2024/25 የውድድር ዘመን 37 ጎል አግብቷል።

በካልጋሪ፣ በኤድመንተን፣ በቶሮንቶ ወይም በሚኒያፖሊስ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ጨዋታ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ስታዩ ጎሉን ብቻ አትቁጠሩ፤ አሰልጣኙ ማንን በቁጥር ብልጫ ጊዜ እንደሚያስገባ፣ ማንን ወንበር ላይ እንደሚያቆይ ልብ በሉ። ልጃችሁ የሚጫወት ከሆነም፣ ክለብ ስትመርጡ ከክለቡ ስም በፊት አሰልጣኙ ለልጁ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጠው ጠይቁ።