ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ፦ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ሥራ

ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ፣ በተለምዶ «ፖስትዶክ» የሚባለው፣ ሦስተኛ ዲግሪውን ጨርሶ በአንድ መሪ ተመራማሪ ሥር ለተወሰነ ጊዜ በምርምር ላይ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ተማሪ አይደለም፤ ኮርስ አይወስድም፣ ለፈተናም አይቀመጥም። ቋሚ መምህርም አይደለም፤ ውሉ የሚያበቃበት ቀን አለው። ይሁንና በሳይንስ ዘርፎች፣ በተለይም በሥነ ሕይወት፣ በምርምር ዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ለመቀጠር የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ደረጃ ያልፋል።

አሠራሩ በአሜሪካ መልክ የያዘው በ1919 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ወጣት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ምሁራንን መደገፍ ሲጀምር ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ኦፐንሃይመር ከተደገፉት አንዱ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት ለምርምር የሚመድበው ገንዘብ ሲጨምር የፖስትዶኮቹም ቁጥር አብሮ አደገ።

10 ካምፓሶች ያሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ሦስት መደቦች አሉት። የመጀመሪያው ተቀጣሪ ነው፤ ደመወዙ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ መሪ ተመራማሪው ካገኘው የፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ፌሎው ይባላል፤ ተወዳድሮ ያገኘው ድጋፍ በዩኒቨርሲቲው በኩል ይከፈለዋል። ሦስተኛው ገንዘቡን በቀጥታ ከደጋፊው ድርጅት ይቀበላል። ልዩነቱ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፕሮጀክት ገንዘብ የተቀጠረ ሰው የፕሮጀክቱን ጥያቄ ይመረምራል፤ የራሱን ድጋፍ ይዞ የመጣ ግን የራሱን ጥያቄ ለመከተል ሰፊ ነፃነት አለው። የአገልግሎት ዘመኑ በሌላ ተቋም ያሳለፈው ተደምሮ በመደበኛነት ከ5 ዓመት አይበልጥም።

የዕለት ሥራውን በምሳሌ ለማየት፣ በባትሪ ምርምር ቤተ ሙከራ የተመደበ ፖስትዶክ አዲስ ኤሌክትሮድ ይሠራል፣ ባትሪውን ደጋግሞ እየሞላና እያራገፈ አቅሙ እንዴት እንደሚቀንስ ይመዘግባል፣ ውጤቱን ለጆርናል ይጽፋል። ጎን ለጎንም የዲግሪ ተማሪዎችን ያሠለጥናል፣ የፕሮጀክት ማመልከቻ በማዘጋጀት ያግዛል።

ክፍት ቦታዎች በዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽና እንደ «ኔቸር» እና «ሳይንስ» ባሉ መጽሔቶች ይወጣሉ። ማስታወቂያ ሳይወጣ የሚያዝ ቦታም ስላለ ብዙዎች በቀጥታ ለመሪ ተመራማሪው ይጽፋሉ። ከማመልከቻው ጋር ሲቪ፣ አጭር የምርምር ዕቅድና የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ስም ይላካል። ለሁሉም የተላከ የሚመስል ደብዳቤ መልስ አያገኝም፤ የቤተ ሙከራውን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች አንብቦ ምን መጨመር እንደሚችል የሚናገር አመልካች ግን ይታያል። ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዶክትሬት ሥራው ገለጻ ያቀርባል።

በአውሮፓ የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ድጋፍ ዜግነት ስለማይገድብ ኢትዮጵያውያንም ሊወዳደሩበት ይችላሉ። ነገር ግን አመልካቹ በመደበኛነት፣ ማመልከቻ ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት፣ በሚሄድበት አገር ከ12 ወር በላይ ያልኖረ ወይም ያልሠራ መሆን አለበት። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽንም ከሌሎች አገሮች ለሚመጡ ተመራማሪዎች ድጋፍ ይሰጣል።

የሥራው ደካማ ጎን ክፍያና ዋስትና ነው። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48 ሺህ ገደማ የአካዳሚክ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ፖስትዶኮችም አብረው ነበሩ፤ በወሩም ደመወዝ የሚያሻሽል ስምምነት አጸደቁ። ስለዚህ አመልካች ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ገንዘቡ እስከ መቼ ይቆያል? ሲሄድ የጀመረውን ምርምር ይዞ መሄድ ይችላል? ከእሱ በፊት የነበሩት ፖስትዶኮች አሁን የት ይሠራሉ?